አንበጣ ድንበር አያውቅም

(በሬዲዮ ዝግጅታችን ከቀረበው ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የተወሰደ)

በአላህ ስም እጅግ በጣም ሩኅሩኅ በጣም አዛኝ በሆነው።

በዛሬው ዝግጅታችን ይዘንላችሁ የቀረብነው ርዕስ ብዙዎቻችን ከቁርኣን ታሪክ፣ ከአያቶቻችን ወግ፣ ከዚያም አልፎ ከቅርብ ዓመታት ትውስታችን የምናውቀው ነው። ስለ አንበጣ እንነጋገራለን። ለመሆኑ እርስ በርስ ሰላም የሌላቸው አገሮች ሳይቀሩ በአንበጣ ጉዳይ ለምን አብረው ይቀመጣሉ? አንዱ አገር ዓይኑን ሲጨፍን የሌላው ማሳ ለምን ይበላል? በዚህ ሁሉ ውስጥ የእኛ የየቤተሰባችን ድርሻስ ምንድን ነው? ኢንሻአላህ አንድ በአንድ እናያቸዋለን።

እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2020 ከጅቡቲ ተነስቶ ወደ ድሬዳዋ ያመራ የነበረ የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ለማረፍ ሲቃረብ ከአንበጣ መንጋ ጋር ተገናኘ። አንበጣው የፊት መስታወቱን ሸፈነው፤ ሞተሩና አፍንጫው ላይም ተለጠፈ። መስታወቱን በመጥረጊያ ለማጽዳት ቢሞከርም አልሆነም። አብራሪዎቹ አቅጣጫ ቀይረው አዲስ አበባ በሰላም አረፉ፤ አልሐምዱሊላህ። ሁለት ግራም ያህል የምትመዝን ፍጡር ስትተባበር ትልቁን አውሮፕላን ከመንገዱ ትመልሳለች። አውሮፕላኑ ሌላ ማረፊያ ነበረው። ማሳው የደረሰለት ገበሬ ግን ወዴት ይዞር?

አንድ ፍጡር፣ ሁለት ጠባይ

የበረሃ አንበጣ ዘወትር የሚያስፈራ ፍጡር አይደለም። በአብዛኛዎቹ ዓመታት በበረሃው ውስጥ ለየብቻው ተበታትኖ ይኖራል። መልኩ አሸዋ ይመስላል፤ የሚበረው በሌሊት ነው፤ ከቢጤው ጋር መገናኘትም አይፈልግም። ይህን ፍጡር በዚያ ጊዜ ያየ ሰው ፌንጣ ነው ብሎ ያልፈዋል።

ዝናብ ሲዘንብና በረሃው ሲለመልም ነገሩ ይለወጣል። ሴቷ እንቁላሏን እርጥብ አሸዋ ውስጥ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ትቀብራለች። ብዙውን ጊዜ በሁለት ሳምንት ገደማ ክንፍ የሌለው ኩብኩባ ይፈለፈላል። ከዚያም ሣሩ እየደረቀ ሲሄድ ተበታትነው የነበሩት ሁሉ በቀረችው አረንጓዴ ቦታ ላይ ይሰበሰባሉ፤ መፈጋፈግም ይጀምራሉ። የኋላ እግሮቻቸው ደጋግመው ሲነካኩ በሰውነታቸው ውስጥ ሴሮቶኒን የተባለው ንጥረ ነገር ይጨምራል። ያኔ መሸሽ ትተው መፈላለግ ይጀምራሉ። ይህንን እ.ኤ.አ. በ2009 የእንግሊዝና የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች አብረው ባደረጉት ጥናት አረጋግጠዋል፤ የጠባዩ ለውጥ በሁለት ሰዓት ያህል ጊዜ ውስጥ ይጀምራል። ቀስ በቀስም መልኩ ይለወጣል፦ ኩብኩባው ቢጫና ጥቁር፣ ወጣቱ ሮዝ፣ ለመራባት የደረሰው ደግሞ ደማቅ ቢጫ ይሆናል። የሌሊቱ በራሪም የቀን በራሪ ይሆናል።

የዱሮ ሊቃውንት ብቸኛውና መንገኛው ሁለት የተለያዩ ዝርያዎች ይመስሏቸው ነበር። አንድ መሆናቸውን እ.ኤ.አ. በ1921 ያስረዳው በለንደን ይሠራ የነበረው የሩሲያ ተወላጁ ሊቅ ቦሪስ ኡቫሮቭ ነው። ይህ ግኝት ትልቅ ቁም ነገር አለው። መንጋው ከሩቅ ከማይታወቅ አገር የሚመጣ ጉድ ሳይሆን በረሃው ውስጥ ከተበታተኑት የሚሠራ ከሆነ፣ ገና ሲሰበሰብ ደርሶ መግታት ይቻላል ማለት ነውና። የዛሬው የአንበጣ መከላከል ሥራ በሙሉ የቆመው በዚህች ዕውቀት ላይ ነው።

አሁን ቁጥሩን እንመልከት። የበረሃ አንበጣ በአንድ ትውልድ፣ ማለትም በሦስት ወር ያህል ጊዜ፣ ሁኔታው ከተመቸው 20 እጥፍ ይራባል። በስድስት ወር 400 እጥፍ፣ በዘጠኝ ወር 8,000 እጥፍ ይሆናል። አንድ ስኩዌር ኪሎ ሜትር የሚሸፍን መንጋ 40 ሚሊዮን አንበጣ ሊይዝ ይችላል፤ አንዳንዴም ከዚህ እጥፍ። እያንዳንዱ አንበጣ በቀን የራሱን ክብደት ያህል ይበላል። ስለዚህ ይህ አንድ መንጋ በአንድ ቀን የሚጨርሰው 35,000 ሰው በቀን የሚመገበውን ያህል ነው። ነፋስ ሲረዳው ደግሞ በቀን እስከ 150 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። እ.ኤ.አ. በ1988 ከምዕራብ አፍሪካ የተነሳ መንጋ አትላንቲክ ውቅያኖስን በአሥር ቀን ገደማ አቋርጦ ካሪቢያን ደሴቶች ላይ አርፏል። ውቅያኖስ ያላቆመውን የድንበር ኬላ እንዴት ያቆመዋል?

ከሩብ አል-ኻሊ እስከ ማሳችን

አሁን ወደ ቅርቡ ታሪክ እንምጣ። እ.ኤ.አ. በሜይ 2018 መኩኑ የተባለ አውሎ ነፋስ፣ በኦክቶበር ደግሞ ሉባን የተባለ ሌላ አውሎ ነፋስ የዓረብ ልሳነ ምድርን መቱ። ሩብ አል-ኻሊ በተባለው፣ ሳዑዲ ዓረቢያ፣ ዑማንና የመን በሚገናኙበት ሰፊ በረሃ ላይ ዝናብ ወረደ። በአሸዋ ክምሮች መካከል ውኃ ተኛ፤ ሣር በቀለ። አንበጣውም ማንም ሳያየው ሦስት ትውልድ ተራባ። ያ ቦታ መንገድ የለውም፤ ነዋሪም የለውም። በየመን በኩል ደግሞ ጦርነት ነበር። በሰላሙ ጊዜ በረሃውን ይዞሩ የነበሩት የአሰሳ ቡድኖች ሥራቸውን እንደ ልብ ማከናወን አልቻሉም።

እ.ኤ.አ. በ2019 መጀመሪያ መንጋው ወጣ። ከፊሉ ወደ ኢራን፣ ከዚያም ወደ ፓኪስታንና ሕንድ አመራ። ከፊሉ በየመን ተራብቶ የኤደን ባሕረ ሰላጤን ተሻግሮ ሶማሊያና ኢትዮጵያ ገባ። በዓመቱ መጨረሻ በአፍሪካ ቀንድ ከባድ ዝናብ ጣለ፤ በዲሴምበርም ፓዋን የተባለ አውሎ ነፋስ ሰሜን ምሥራቅ ሶማሊያን መታ። በዚሁ ወር መጨረሻ መንጋው ኬንያ ደረሰ። ኬንያ እንዲህ ያለ ወረራ በ70 ዓመት ውስጥ አላየችም ነበር፤ ኢትዮጵያና ሶማሊያም በ25 ዓመት ውስጥ።

በአገራችን በሶማሌ፣ በአፋር፣ በሐረርጌ፣ በባሌ፣ ቀጥሎም በወሎና በራያ የሆነውን ብዙዎቻችሁ ታስታውሱታላችሁ። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2020 ይፋ የሆነው የመንግሥትና የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት (ፋኦ) የጋራ ጥናት 200,000 ሄክታር ያህል የእርሻ መሬት እንደተጎዳና ከ356,000 ቶን በላይ እህል እንደጠፋ ገምቷል። በዚያው ዓመት መኸር ላይ ደግሞ ማሽላው ሊቆረጥ፣ ጤፉ ሊታጨድ ሲል መንጋው ተመልሶ መጣ። እናቶች ነጠላቸውን እያውለበለቡ፣ ልጆች ቆርቆሮ እየመቱ፣ ወጣቶች ጅራፍ እያጮሁ ከማሳ ማሳ ሲሯሯጡ አየን። ጩኸት ግን መንጋውን ከአንዱ ማሳ ያስነሳው ይሆናል እንጂ አይገድለውም፤ ያረፈው ጎረቤት ማሳ ላይ ነው። ታሪኩ በአጭሩ ይህ ነው፦ በ2018 በአንድ ሰው አልባ በረሃ የጣለ ዝናብ በ2020 የአንዲት የወሎ እናት ጎተራ ባዶ እንዲቀር ምክንያት ሆነ።

የመርከቧ ተሳፋሪዎች

ነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) በአንዲት መርከብ ላይ ስለተሳፈሩ ሰዎች የሰጡት ምሳሌ አለ፤ ቡኻሪ ዘግበውታል። ከፊሎቹ በላይኛው፣ ከፊሎቹ በታችኛው ክፍል ነበሩ። የታችኞቹ ውኃ ለመቅዳት ወደ ላይ መመላለሱ ላዮቹን እንደሚያስቸግር አስበው በራሳቸው ድርሻ ቀዳዳ ለመብሳት ፈለጉ። ላይኞቹ ዝም ካሏቸው ሁሉም ይሰጥማሉ፤ እጃቸውን ከያዟቸው ሁሉም ይድናሉ። ይህን ምሳሌ ስንሰማ ስለ አንበጣ የተነገረ ያህል ይሰማናል። "በረሃው የእኔ ድርሻ ነው፤ ባየው ባላየው ማን አገባው?" የሚል አገር ካለ ቀዳዳው ለሁሉም ይተርፋል።

አገሮችም ይህን በመከራ ተምረውታል። እ.ኤ.አ. በ1958 በኢትዮጵያ አንበጣ 167,000 ቶን እህል አጥፍቷል፤ ይህ አንድ ሚሊዮን ሰው ለአንድ ዓመት የሚመግብ ነው። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1962፣ የምሥራቅ አፍሪካ የበረሃ አንበጣ መከላከያ ድርጅት አዲስ አበባ ላይ በተፈረመ ስምምነት ተቋቋመ። አባል አገሮቹ በጋራ አውሮፕላን ያሰማራሉ፤ በጋራም ባለሙያ ያሠለጥናሉ። በ1967 ደግሞ በፋኦ ሥር የማዕከላዊው ቀጣና ኮሚሽን ተመሠረተ፤ ከቀይ ባሕር ግራና ቀኝ የሚገኙ አገሮች፣ ሳዑዲ ዓረቢያና የመን፣ ሱዳንና ግብጽ፣ ኢትዮጵያና ኤርትራ በአንድነት አባል ናቸው። ከእነዚህ አገሮች መካከል በየጊዜው የተኳረፉ፣ የተዋጉም እንዳሉ ለእናንተ መንገር አያሻንም።

ከሁሉ የሚገርመን የሕንድና የፓኪስታን ነው። ሁለቱ አገሮች ብዙ ጊዜ ተዋግተዋል። ሆኖም ከኢራንና ከአፍጋኒስታን ጋር በ1964 በተቋቋመ ኮሚሽን አባል ሆነው፣ የአንበጣ ባለሙያዎቻቸው ለብዙ ዓመታት በአንበጣው ወራት ድንበር ላይ እየተገናኙ መረጃ ሲለዋወጡ ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ2020 ወረርሽኙ መንገድ ሲዘጋ ውይይቱን በኢንተርኔት ቀጥለዋል። ፖለቲከኞቹ ያልተስማሙበትን ድንበር የአንበጣ ባለሙያዎቹ አልካዱትም፤ ነገር ግን አንበጣው እንደማይቀበለው ያውቃሉ።

ዓይኑ ማን ነው?

የዚህ ትብብር ልብ መረጃ ነው። ፋኦ እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ ሮም ከተማ የአንበጣ መረጃ አገልግሎት ማዕከል አለው። ከየአገሩ የሚመጣው ዘገባ እዚያ ይሰበሰባል። ሳተላይት ዝናብ የጣለበትንና በረሃው የለመለመበትን ቦታ ያሳያል። የነፋሱ አቅጣጫም ይሰላል። ከዚያም መንጋው ወዴት ሊሄድ እንደሚችል ግምት ለአገሮቹ ሁሉ ይላካል። የሚጠበቀው ምድር በእርጋታው ጊዜ ብቻ 30 በሚሆኑ አገሮች ውስጥ 16 ሚሊዮን ስኩዌር ኪሎ ሜትር ነው፤ በወረራ ጊዜ ወደ 60 አገሮች ሊሰፋ ይችላል።

ሆኖም ሳተላይት ሣሩን እንጂ አንበጣውን አያይም። አንበጣውን የሚያየው በእግሩ የሚሄድ፣ ዝቅ ብሎ ቁጥቋጦውን የሚመረምር ሰው ነው። ባለሙያዎቹ ያዩትን ወዲያው በሳተላይት የሚልኩበት ኢሎከስት የሚባል መሣሪያ አላቸው፤ በ2020 ደግሞ በስማርት ስልክ የሚሠራው ተዘጋጅቷል። ከባለሙያው ቀድሞ የሚያየው ግን ግመል የሚጠብቀው አርብቶ አደር ወንድማችን፣ ውኃ የምትቀዳው እህታችን ናቸው። የአንድ እረኛ ቃል በሰዓቱ ለቀበሌው ከደረሰ ከቀበሌው ወደ ወረዳው፣ ከወረዳው ወደ አዲስ አበባ፣ ከዚያም ወደ ሮም፣ ከሮም ደግሞ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ለሚኖረው ጎረቤት ይደርሳል። አያቶቻችን ጭስ አይተው፣ ጡሩንባ ሰምተው እንደሚጠራሩት ማለት ነው።

አደጋው የሚመጣው ሲረሳ ነው። አንበጣ ለዓመታት ሲጠፋ በጀቱ ይቀነሳል፤ መኪናው ይበላሻል፤ ልምድ ያላቸው ሰዎች ጡረታ ይወጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2003 መገባደጃ በምዕራብ አፍሪካ ጥቂት አገሮች አንበጣ መራባቱ ታይቶ ነበር። ገንዘቡ ግን ዘግይቶ መጣ። እስከ 2005 ድረስ 13 ሚሊዮን ሄክታር ያህል መሬት ላይ ርጭት ተደረገ፤ ከ400 ሚሊዮን ዶላር በላይም ወጣ። ኩብኩባ ሳለ በጥቂት የሚያልቀው፣ ክንፍ ሲያወጣ በብዙም አያልቅም።

መድኃኒቱም መዘዝ አለው

አንበጣን ለመግደል በአብዛኛው የሚረጨው ጸረ-ተባይ ኬሚካል ነው። በአንድ ሄክታር ላይ የሚያርፈው አንድ ሊትር ወይም ከዚያ ያነሰ ቢሆንም ኃይሉ ብርቱ ነው። አንበጣውን ከንብ፣ ጎጂውን ከጠቃሚው አይለይም። ስለዚህ ርጭት ሊደረግ ነው ሲባል ቀፎን ማራቅ ወይም መሸፈን፣ የመጠጥ ውኃን መክደን፣ ልጆችንና ከብቶችን ከቦታው ማራቅ፣ ባለሙያው "አሁን ይቻላል" እስኪል ድረስ ከብት በተረጨው ሣር ላይ አለማሰማራት ግዴታ ነው። ባዶውን የመድኃኒት ጀሪካን ለውኃ መቅጃ ማድረግ ደግሞ መርዝን በገዛ እጅ ቤት ማስገባት ነው።

ሌላ መንገድም ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. ከ1989 እስከ 2002 የአፍሪካ፣ የአውሮፓና የሌሎች አገሮች ተመራማሪዎች በጋራ ባካሄዱት ሥራ ሜታራይዚየም የተባለ፣ አንበጣና የፌንጣ ወገኖችን ብቻ የሚያጠቃ ፈንገስ ለርጭት እንዲበቃ አድርገዋል። የሚገድለው በአንድና በሁለት ሳምንት ውስጥ ነው፤ ኬሚካሉ ግን በሰዓታት ይገድላል። ስለዚህ ማሳ ላይ ላረፈ መንጋ አይደርስም። ገና በረሃ ላይ ላለ ኩብኩባ ግን የተመቸ ነው፤ ንቡንም ወፉንም ከብቱንም አይጎዳም። ሶማሊያ በ2020 በሰፊው ተጠቅማበታለች። ቀድሞ ያወቀ አገር የዋሁን መድኃኒት ይመርጣል፤ የዘገየ ግን መርዙን ከመርጨት ሌላ ምርጫ አይኖረውም።

ስለ መብላቱ

አንዳንድ አድማጮቻችን አንበጣን መብላት ይፈቀዳል ወይ ብለው ጠይቀውናል። አዎን፤ አንበጣ ሐላል ነው። ሳይታረድ የሞተውም እንደ ዓሣ ሁሉ እንደሚፈቀድ በሐዲሥ ተነግሯል፤ ሶሓቦችም ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጋር በዘመቱ ጊዜ በልተውታል። በየመን፣ በሳዑዲ ዓረቢያና በኩዌት ዛሬም ገበያ ላይ ይሸጣል፤ በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚኖሩ ወገኖቻችን ያውቁታል። ነገር ግን ኬሚካል የተረጨበት አንበጣ መርዝ ያለበት ምግብ ነው፤ ቢቀቀልም ቢጠበስም መርዙ ይጠፋል ብሎ መተማመን አይቻልም። ሸሪዓችን ደግሞ ነፍስን የሚጎዳን ነገር ይከለክላል። ከርጭት ያመለጠ መንጋ ብዙ ርቀት ሊበር ስለሚችል "እዚህ አልተረጨም" ማለት ብቻ አይበቃም። በወረራ ጊዜ ከመሬት የተለቀመ፣ ደካክሞ የተገኘ አንበጣ ለሰውም ለዶሮም አይሰጥ። ይህን የተረጨ መሆኑን እያወቀ የሚሸጥ ሰው ካለም የወገኑን ነፍስ እየሸጠ መሆኑን ይወቅ።

ዱዓና ሰበብ

"አንበጣ የአላህ ሠራዊት ነው፤ በፊርዓውን ሕዝብ ላይም ተልኳል፤ እኛ ምን አቅም አለን?" የሚሉም አሉ። የሙሳ (ዐ.ሰ) ታሪክ በሱረቱል አዕራፍ የተነገረ እውነት ነው። አንድን መከራ ቅጣት ነው ወይም ፈተና ነው ብሎ መፍረድ ግን የእኛ ሥልጣን አይደለም። ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ) ወደ ሻም ሲጓዙ ወረርሽኝ መግባቱን ሰምተው ተመለሱ። ከአላህ ቀደር መሸሽ አይሆንም ወይ ተብለው ሲጠየቁ መመለሳቸውም ራሱ ከቀደር ውጭ እንዳልሆነ በእረኛና በግጦሽ ምሳሌ አስረድተዋል። እኛም ዱዓችንን እናድርግ፤ ሶደቃችንን እንስጥ፤ እረኛው ያየውን ይናገር፤ ባለሙያው ይርጭ፤ መንግሥታትም ይነጋገሩ። ሁሉም ሰበብ ነው፤ ውጤቱ የአላህ ነው።

እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2021 መጨረሻ በአፍሪካ ቀንድና በየመን ከ2 ሚሊዮን ሄክታር በላይ መሬት ላይ የመከላከል ሥራ ተሠርቷል፤ ፋኦ እንደገመተው በዚህ ሥራ 4.5 ሚሊዮን ቶን እህል ድኗል። ይህ የሆነው ጦርነትና ወረርሽኝ ባለበት፣ ድንበሮች በተዘጉበት ጊዜ ነው። የጠፋው ብዙ ነው፤ ባይተባበሩ ኖሮ ግን የባሰ ይጠፋ ነበር።

ዝናቡ ዘንቦ በረሃው በለመለመ ቁጥር አንበጣው ዳግም ሊሰበሰብ ይችላል። ያኔ መጀመሪያ የሚያየው ከእናንተ አንዱ ሊሆን ይችላልና ያየ ለቀበሌው ይንገር፤ የሰማም ለጎረቤቱ ያሰማ። የጎረቤት ሐቅ ከግድግዳ ወዲያ ማዶ ብቻ ሳይሆን ከባሕር ማዶም ይዘልቃል።

አላህ ማሳችንን ይጠብቅልን፤ ዝናባችንን የበረከት ያድርግልን፤ በጎረቤታሞች መካከልም ሰላምን ያውርድ። አሚን። በሌላ ዝግጅት እስክንገናኝ፤ ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።